ስለ ፈሰሰ ደም በአደባባይ መጠየቅ

በጥብቅና ሙያ ከወገኖቼ ከቤተ እስራኤል ልጆች ጋር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ፣ ልጇ በፖሊስ እጅ የተጎዳባት እናት ከመርማሪው መሥሪያ ቤት የተላከላትን ባለአንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቴ ስትመጣ፣ እኔም መዝገቡ በማስረጃ ጉድለት የተዘጋ መሆኑን አንብቤ ሳስረዳት፣ ከእንባዋ አስቀድማ የምታቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጄ፣ ነገሩ በማን ፊት ተነገረ? ማንስ ሰማው?» ትለኛለች። ጥያቄው የሕግ ትምህርት ካልተማረ ሰው አፍ የሚወጣ ቢሆንም የነገረ ፍትሕን ሥር የሚነካ ስለ ሆነ፣ በእስራኤል አገር ወጣቶቻችን በፖሊስ ጥይት በወደቁ ጊዜ ሕዝቡ ስለ ምን ወደ አደባባይ እንደ ወጣ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከዚሁ ቢነሣ መልካም ይመስለኛል።

ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብጽፍ፣ ጁን 30 ቀን 2019 ምሽት ሰሎሞን ተካ የተባለ አፍላ ወጣት በሐይፋ ከተማ ውስጥ በምትገኘው በቂርያት ሐይም፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ከቤተሰቡ ጋር በመናፈሻ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ፖሊሱ በወጣቶች መካከል የተነሣውን ጠብ ለማብረድ መግባቱን፣ ድንጋይ ሲወረወርበትም ለሕይወቱ ሠግቶ ወደ መሬት መተኮሱን ተናገረ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ደግሞ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመቱ የሁዳ ቢያድጋ፣ ቤተሰቡ ርዳታ ፈልጎ ፖሊስ ከጠራ በኋላ፣ ቢላዋ ይዞ በባት ያም መንገድ ላይ ሳለ ተተኩሶበት ሞቶ ነበርና፣ የመጀመሪያው ኃዘን ሳይበርድ ሁለተኛው ተደረበበት። ከዚያም አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2015፣ የአገሪቱን ሠራዊት የደንብ ልብስ የለበሰ ወገናችን በሖሎን ከተማ በፖሊሶች ሲደበደብ በካሜራ ታይቶ፣ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፈኛ ተጥለቅልቀው እንደ ነበር የሚዘነጋ የለም።

ነገር ግን ነገሩ ከጥይት አይጀምርም። በየዕለቱ ከማያቸው መዝገቦች የሚበዙት የሚጀምሩት፣ ማታ በሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ያጠፋው ነገር ሳይነገረው መታወቂያህን አምጣ ሲባልና «ስለ ምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ጥያቄው የመንግሥት ሠራተኛን እንደ መዝለፍ ይቆጠርበታል፤ ክንዱን ሲይዙት ቢወራጭ ፖሊስን በሥራው ላይ ማወክ ይሆንበታል፤ ወደ ጣቢያ ሲወስዱትም መያዝን መቃወም ይጨመርበታል፤ እንዲህም ሆኖ፣ ከፖሊሱ መምጣት በፊት አንዳች በደል ያልነበረበት ልጅ በፖሊሱ መምጣት በደለኛ ሆኖ ይገኝና፣ ለውትድርና አገልግሎት ሲጠራ ወይም ሥራ ሲፈልግ የወንጀል መዝገቡ እየቀደመ ደጅ ይዘጋበታል። የጥይት ድምፅ በተሰማ ዕለት ወደ መንገድ የወጡት ብዙዎቹ ይህን በገዛ ገላቸው ያዩ ልጆችና፣ ልጃቸው እስኪመለስ በመስኮት ቆመው የሚያድሩ ወላጆቻቸው ነበሩ።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። ቄሶቻችን በግእዝ ሲያነቡልን ባደግነው ኦሪት፣ በዘዳግም 21ኛው ምዕራፍ እንደ ተሠራው ሥርዓት፣ አንድ ሰው በሜዳ ተገድሎ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ፣ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት እስከ አካባቢው ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎችም በሸለቆ፣ በካህናት ፊት እጃቸውን ታጥበው ከደሙ ንጹሐን መሆናቸውን ይመሰክራሉ። ገዳዩ ላልታወቀ ደም እንኳ ከተማ በግልጽ መልስ እንድትሰጥ ከታዘዘ፣ የገደለው ሰው ለታወቀ፣ ይልቁንም የመንግሥትን መሣሪያ ለታጠቀ፣ ይህ ግዴታ ምን ያህል ይከብድ! አባቶቻችን በኖሩበት በኢትዮጵያ ምድርም፣ የተሠወረ ወንጀል ሲኖር የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን ሳይናገር ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይደረግ ነበር። አፈርሳታ ገበሬውን ከእርሻው የሚያስቀር፣ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር የሚያንገላታ ሥርዓት ነበርና መልሰን እንትከለው አልልም፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሞት የሁሉ ጉዳይ መሆኑን፣ ምርመራውም ሁሉ በሚሰማበት ሊደረግ እንደሚገባ በሕዝቡ ልቡና ቀርጾ አልፏል።

ከዚህ ሕዝብ የወጣች እናት ማሐሽ ከሚባለው፣ በፖሊሶች ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ ከሚመረምረው ክፍል ደብዳቤ ሲደርሳት ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ክፍሉ በ1992 በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ሲቋቋም ዓላማው ፖሊስ ፖሊስን መመርመሩ እንዲቀር ነበር፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ ከዚያው ከፖሊስ የመጡ ሆነው ቆዩ። የምስክሮቹ ቃል በዝግ ቤት ይወሰዳል፤ ውሳኔው በማታነበው ቋንቋ ይጻፋል፤ ይግባኝ የምትልበት የጊዜ ገደብም እርሷ በኃዘን ላይ ሳለች መቆጠር ይጀምራል። ነገሯ የሚሰማበት ሸንጎ ያጣች ነፍስ፣ አውራ ጎዳናውን ሸንጎ ብታደርገው የሚያስደንቅ አይደለም።

ከሰሎሞን ሞት በኋላ በነበሩት ቀኖች መንገዶች ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዘጉ፤ መኪኖች ተቃጠሉ፤ ፖሊስ እንዳስታወቀው ከ100 የሚበልጡ ባልደረቦቹ ቆሰሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችም ተያዙ። እሳቱን አላመሰግንም፤ በመንገድ የታገተው የሌላ ሰው አባት፣ መኪናው የነደደችበትም ሠራተኛ በልጁ ደም እጃቸው የለበትም። የሟቹ ቤተሰብ ሰባቱ የኃዘን ቀን እስኪፈጸም ሰልፉ እንዲቆም በለመነ ጊዜ፣ ኃዘንተኛው ለአገሩ ሰላም መጨነቁን ሁሉም አይቷል። ዳሩ ግን የአንዲት ቀን እሳት የብዙ ዓመት ልመናን እንዲጋርድ መፍቀድ ሌላ በደል ነው፤ አስቀድሞ በጸጥታ የተጻፈውን አቤቱታ ያነበበው ጥቂት ነበርና።

ሕዝቡ በመውጣቱም ሕግ ተሻሽሏል። ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በ2016 ባቀረበው ጽሑፍ በኢትዮጵያውያን ላይ አድልዎ መኖሩን በመንግሥት አንደበት መሰከረ፤ ዘረኝነትን የሚታገል የመንግሥት ክፍልም በዚያ ምክንያት ተመሠረተ። በ2018 ፕሬዚዳንት ሬውቬን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ፣ በቀላል ክስ የተፈረደባቸው ወጣቶቻችን መዝገባቸው እንዲሰረዝ የይቅርታ ማመልከቻ እንዲያቀርቡ ጠሩ። በ2021 ደግሞ፣ «ጠበቃ» የተባለው የወገኖቻችን የሕግ ድርጅትና ተባባሪዎቹ ባቀረቡት አቤቱታ፣ የበላይ ፍርድ ቤቱ የ1982ቱን የመታወቂያ ሕግ መርምሮ፣ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖር ፖሊስ መታወቂያ ሊጠይቅ እንደማይገባው ወሰነ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ «ስለ ምን?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ፣ ከብዙ እንባ በኋላ በአገሪቱ ከፍተኛ ችሎት ተገቢ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሰልፈኛው ባይጮኽ ኖሮ ኮሚቴው ባልተቋቋመም፤ ጠበቃው ባይጽፍ ኖሮ ጩኸቱ ወደ ሕግነት ባልተለወጠም።

በሰሎሞን ላይ ጥይት የተኰሰው ፖሊስ በ2020 በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ተከሷል፤ ነገር ግን በአንድ ተከሳሽ ላይ የሚሰጥ ፍርድ፣ ቢቀጣም ቢያሰናብትም፣ ለእናቲቱ ጥያቄ ሙሉ መልስ ሊሆን አይችልም። የምትሻው፣ በመንግሥት ሰው እጅ ሞት በደረሰ ጊዜ ምርመራው ከፖሊስ ባልመጣ ሰው እንዲመራ፣ ማስረጃውና የውሳኔው ምክንያት በምታውቀው ቋንቋ በቃል እንዲነገራት፣ እርሷም በችሎት ቀርባ ስለ ልጇ እንድትናገር ነው። ይህ ከአንድ ወገን ለአንድ ወገን የሚደረግ ልዩ ስጦታ አይደለም፤ ልጁን ለአገሩ ሠራዊት የሚሰጥ ዜጋ ሁሉ ከአገሩ የሚጠብቀው ድርሻው ነው። ይህ ሥርዓት እስኪጸና ድረስ ሕዝቡ በሰላም ወደ አደባባይ ወጥቶ መጠየቁን፣ በሙያዬም በእምነቴም እደግፋለሁ።