የብረት ሕንፃ ሰያፍ ድጋፍ
ሰያፍ ድጋፍ ማለት ነፋስ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ የብረት ሕንፃን ወደ ጎን ሲገፋው እንዳይዘም በምሰሶዎቹ መካከል በሰያፍ የሚታሰር ብረት ነው። አራት ብረቶች በየጥጋቸው በአንድ አንድ ብሎን ቢያያዙ ሲገፉ ይዘማሉ፤ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ብረት ሲጨመር ግን ቅርጹ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ብረቱ ካልረዘመ ወይም ካልጎበጠ በቀር ቅርጹን አይለቅም። ቀጭን ዘንግ ሲሳብ ብርቱ ነው፣ ሲጨመቅ ግን ይጎብጣል። ስለዚህ በመጋዘኖች ዘንጎቹ ጥንድ ሆነው በመስቀል ቅርጽ ይታሰራሉ፤ ነፋሱ ከየትኛውም ጎን ቢመጣ አንዱ ይሳባል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል የሕንፃው ክብደት በጨመረ መጠን ይጨምራል። በመሆኑም ቀላል የቆርቆሮ መጋዘንን ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያሰጋው ነፋስ ነው።

በርና መስኮት ሰያፍ ብረት በማያስገቡበት ቦታ የምሰሶውና የአግዳሚው መጋጠሚያ ራሱ በብየዳ ይጠነክራል። ይህ ዘዴ አስተማማኝ ይመስል ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ኖርዝሪጅ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የብዙ ሕንፃዎች ብየዳ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በግድግዳና በኮርኒስ ተሸፍኖ ስለነበር ከውጭ ደህና የሚመስሉ ሕንፃዎችም ተጎድተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ አግዳሚው ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ሆን ተብሎ ይሳሳል፤ ብረቱ እዚያ ሲተጣጠፍ ብየዳው ይተርፋል።