ከጉለሌ እስከ ድሬዳዋ፦ ልጆችን በባቡር ይዞ መጓዝ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ልጆችን በባቡር ሩቅ መንገድ መውሰድ እንደገና የተቻለው አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ የተዘረጋው ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ለተማሪዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚመቸው እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ነው፤ ድንበር ስለማያሻግር ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ ረጅም ጉዞ ለመባል ይበቃል።

የድሮው ባቡር ለጉለሌ ልጅ ቅርብ ነበር። ከሽሮ ሜዳም ሆነ ከአዲሱ ገበያ የወረደ ሰው ፒያሳ ደርሶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ከተከተለ ለገሀር ጣቢያ ይገባል። አዲሱ ባቡር የሚነሳበት ፉሪ ለቡ ግን በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ይገኛል። ከእንጦጦ ሥር የሚነሳ ቡድን አዲስ አበባን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ አለበት፤ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የተዘረጋው ቀላል ባቡርም ወደዚያ አያደርስም። ስለዚህ የኮንትራት አውቶቡስ የጉዞው የመጀመሪያ ወጪም የመጀመሪያ ፈተናም ነው፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ልጆች በየሰፈሩ መንገድ ላይ ተራርቀው እንዲጠብቁ ማድረግ አይገባም። ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው፣ ወላጅ በእጁ አስረክቦ ቢነሱ ይሻላል።

በዚህ አገር በባቡር ከተጓዙ የልጆች ቡድኖች ስሙ በታሪክ የቀረው የ«አርባ ልጆች» ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም የተጠለሉና ወላጆቻቸውን በአርመኖች እልቂት ያጡ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተውም አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ ከአባ ሆቫኔስ ሲሞኒያን ጋር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱለት ብሔራዊ መዝሙር በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ላይ ተሰምቷል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ግን መንገዱ ነው። የዚያን ዘመን ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሦስት ቀን ስለሚፈጅ፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። አርባ ልጅ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ አውርዶ፣ አሳድሮ፣ ነግቶ መልሶ ማሳፈር ነበረበት ማለት ነው። ዛሬ ማደሩ ቀርቷል፤ የሥራው ጠባይ ግን ያው ነው። ባቡሩ እየሮጠ ሳለ ልጅ የትም አይሄድም። ከእጅ የሚያመልጠው ባቡሩ ሲቆም፣ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ነው።

ወላጆች ስለ ባቡር ሲያስቡ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ድልድይ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የመጣ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ያንን ዘመን ያዩ አያቶች እስካሁን ያነሱታል። እንዲህ ያለውን አደጋ ማስቀረት የባቡር ድርጅቱ ሥራ እንጂ የልጆች ጠባቂ ሥራ አይደለም። የጠባቂው ድርሻ ትንንሹ ነገር ነው፦ በሩ፣ ደረጃው፣ ቦርሳው፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱ።

የጠባቂዎቹ ቁጥር አስቀድሞ መወሰን አለበት። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ለትምህርት ቤት ጉዞ ባወጣው መመሪያ ለታዳጊ ሕፃናት አንድ አዋቂ ለ6 ልጆች፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት አንድ ለ10 እስከ 15 እንዲሆን መክሮ ነበር። የግማሽ ቀን የባቡር መንገድ ከሙዚየም ጉብኝት ስለሚከብድ ለመካከለኛ ክፍል ልጆች አንድ ለ8 ቢሆን አይበዛም። ከዚህ ሌላ የሚጠብቃቸው ልጆች ያልተመደቡለት አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ሲያመው፣ ትኬት ሲጠየቅ፣ አውቶቡሱ ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ይህ ሰው ከሌለ ስምንት ልጆች ጠባቂ አጥተው ይቀራሉ። ሴቶችና ወንዶች ልጆች በአንድ ላይ የሚሄዱ ከሆነም ከጠባቂዎቹ መካከል ሴትም ወንድም መኖር አለባቸው።

ወረቀቱ ላይ መሰነፍ አይቻልም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አልደረሰም፤ አሳዳሪዎቹና ሞግዚቶቹ ወላጆቹ ናቸው። መምህሩ ልጁን ይዞ የሚሄደው ከእነሱ በተዋሰው ሥልጣን ስለሆነ፣ ያ ሥልጣን በጽሑፍ መታየት አለበት። ምሥራቁ መንገድ ደላሎች ታዳጊዎችን ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግሩበት መንገድም ነው፤ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል ነው። ብዙ ልጆች ይዞ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው በፖሊስ ቢጠየቅ ቅር ሊለው አይገባም፤ እንዲያውም ጠያቂ ቢኖር ደግ ነው። ማኅተም ያረፈበት የትምህርት ቤቱ ወይም የደብሩ ደብዳቤ፣ የልጆቹ ስም ዝርዝር፣ ወላጆች የፈረሙበት የፈቃድ ቅጽ በአንድ ማኅደር ይያዛሉ። ቅጹ ላይ የሁለት ሰው ስልክ፣ የልጁ ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብ ይሰፍራል። የማኅደሩ ግልባጭ ጉለሌ በሚቀር አንድ ሰው እጅ ቢኖር፣ ወላጆች መንገድ ላይ ያለውን መምህር በስልክ ከማጨናነቅ ይልቅ ለእሱ ይደውላሉ።

ምልክት ማድረግም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 የእንግሊዝ ከተሞች የጦር አውሮፕላን ድብደባ ፈርተው ልጆቻቸውን በባቡር ወደ ገጠር ሲያሸሹ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ካርቶን ኮቱ ላይ ተንጠልጥሎለት ነበር። ስምን ደረት ላይ መለጠፍ ግን ዛሬ አይመከርም፤ ማንኛውም መንገደኛ ልጁን በስሙ ጠርቶ እንደሚያውቀው ሊያስመስል ይችላል። ከውጭ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ኮፍያ ወይም ሻርፕ ይበቃል። ስልክ ቁጥሩ ልብሱ ውስጥ ይጻፋል፤ የትምህርት ቤቱ ስም ደግሞ በቃል ይጠናል።

ቆጠራው ከመሳፈር በፊት፣ ከተሳፈሩ በኋላ፣ በየጣቢያው ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ሲወርዱም ይደረጋል። ልጅ ሲቆጠር ደስ የማይላቸው አዛውንት አሉ፤ ዓይን ይገባዋል ይላሉ። ለእነሱም ለጠባቂውም የሚስማማው መላ ለእያንዳንዱ ልጅ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ልጆቹ ራሳቸው እየተቀባበሉ እንዲጠሩ ማድረግ ነው። ጠባቂው አይቆጥርም፣ የጎደለውን ይሰማል። ከዚህ ጋር ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ቀድሞ የሚያውቀው ጓደኛው ነው።

ፉርጎ ውስጥ ቡድኑ በአንድ ወገን፣ ከበሩ ርቆ ይቀመጣል። ለቀን ጉዞ ከመኝታ ክፍል ይልቅ ክፍት የመቀመጫ ፉርጎ ይሻላል፤ አንድ አዋቂ ቆሞ ሁሉንም ያያል። ጠባቂዎች በሁለቱም ጫፍ ይቀመጣሉ እንጂ አንድ ላይ ተሰብስበው ወግ አይዙም፤ በተግባር ከሁሉም ሕጎች ቶሎ የሚፈርሰው ይሄኛው ነው። ሽንት ቤት ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፣ አዋቂ ከደጅ ይቆማል። የፈላ ውሃ መቅጃ ባለበት ፉርጎ ውሃ የሚቀዳው አዋቂ ብቻ ነው። አዲሱ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። በመስኮት ዕቃ መወርወር፣ ጣቢያ ላይ ምሰሶ መውጣት፣ ሽቦው ሥር ረጅም ዱላ ማንሳት ለምን እንደተከለከለ ልጆች ምክንያቱን አውቀው ቢሳፈሩ ከቁጣ የተሻለ ይሠራል።

ከአዳማ በኋላ ሐዲዱ ነጠላ ነው። ከወዲያ የሚመጣውን ለማሳለፍ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግመል ወይም ከብት ሐዲድ ውስጥ ሲገባም ሜዳ መካከል የሚቆምበት ጊዜ አለ። የሰለቸው ልጅ ተነስቶ ወደ በሩ የሚሄደው ያኔ ነው። በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ባቡር በቆመ ቁጥር ሁሉም ወደ መቀመጫው ይመለሳል የሚለው ሕግ ከመነሻው መለመድ አለበት። ውጭ ወርዶ ነፋስ መቀበል አይፈቀድም፤ ባቡሩ መቼ እንደሚነሳ ለጠባቂውም አይነገረውም።

በደንብ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ጋሼ ወይም እማማ ያለው ሰው ሲልከው እምቢ አይልም። ይህ ጨዋነት ባቡር ውስጥ አደጋ አለው። የድሬዳዋ መስመር ከድሮ ጀምሮ የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚመላለስበት ነው፤ «የኔ ልጅ፣ ይህችን ያዝልኝ» ያለ ሰው ፍተሻ ሲደርስ ላይገኝ ይችላል። ልጁ ለእምቢታው ጨዋ ቃል ይዞ ቢሄድ ይቀለዋል፤ «ቲቸርን ልጠይቅ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፣ ዕቃውንም ያስመልሳል።

ስንቅ ሲዘጋጅ የቡድኑን ጾምና ሃይማኖት ማሰብ ያስፈልጋል። ሥጋ የሌለበት ስንቅ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው የሚለውን ጥያቄ ያስቀራል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከእንቁላልና ከወተት የጸዳ ምግብ ለሁሉም ይሆናል። ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝና ብርቱካን ሙቀት ይችላሉ። ወጥ አይችልም፤ ሲፈስ ደግሞ ፉርጎውን ሁሉ ያስመርራል። እናቶች በፍቅር የሚጨምሩት ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ቢቀነስ፣ የሚያጥወለውላቸው ልጆች ቁጥርም ይቀንሳል።

ሙቀቱ ለጉለሌ ልጅ እንግዳ ነው። ባቡሩ ከ2,200 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ተነስቶ አዋሽ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ማለዳ በሹራብና በጃኬት የተሳፈረው ልጅ ከመተሐራ በኋላ ያልበዋል፤ ሹራቡን ግን አውልቅ ካልተባለ አያወልቅም። ልብሱ ተደራርቦ የሚወልቅ፣ ከሥር ቀጭን ጥጥ ይሁን። ልጅ ጨዋታ ላይ ከሆነ ጥማቱን ይረሳል፤ ስለዚህ ውሃ ሰዓት ተወስኖ በጠባቂው ትእዛዝ ይጠጣል። ራስ ምታት፣ ድካምና የሽንት መጥቆር ውሃ ማነሱን ያመለክታሉ፤ ኦአርኤስ በመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ መኖር አለበት።

ስልክ ለሰዓታት ሊያቆያቸው ይችላል፤ ባትሪ ሲያልቅ ግን ጭቅጭቁ ይጀመራል። እንቆቅልሽ ባትሪ አይፈልግም። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» የሚባለው ጨዋታ ባቡር ላይ ልዩ ጣዕም አለው፤ ሞጆ፣ መተሐራ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያሉ የሚሰጡት አገር ጥቂት ቆይቶ በመስኮቱ ብቅ ይላል። መስኮቱ ራሱም መምህር ነው። የቢሾፍቱና የሞጆ የጤፍ ማሳ አልቆ የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ይመጣል፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድና ሐዲድ ያስቸገረው የበሰቃ ሐይቅ፣ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ፣ ከዚያ እሾሃማው ግራርና የግመል መንጋ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። ስለ ስምጥ ሸለቆ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም፤ ከመነሳት በፊት የመስመሩን ሁኔታ ከጣቢያው መጠየቅ ተገቢ የሚሆንበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ፣ ከዚራ እንዳለው እንደ አሮጌው፣ መሀል ከተማ አይደለም። ባቡሩ ሲደርስ የሚጠብቅ መኪና አስቀድሞ ካልተያዘ፣ የደከሙ ልጆች በባጃጅ ሦስት ሦስት ሆነው መበተናቸው ነው፤ ይህ ደግሞ መሆን የለበትም። ሲወርዱ አንድ ጠባቂ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሌላው ፉርጎው ባዶ መሆኑን አይቶ መጨረሻ ይወርዳል። መቀመጫ ሥር የተኛ ልጅ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ የሚያድሩ ከሆነ የወባ ነገር አይዘነጋም። ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወራት የወባ ወረርሽኝ አጋጥሟት ነበር፤ ምክንያቱ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ትንኝ መሆኗ ተረጋግጧል። ክረምት ስላልሆነ ወባ የለም ማለት እዚያ አይሠራም። እንጦጦ ሥር ያደገ ልጅ ደግሞ በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም። ማደሪያው አጎበር ያለው ይሁን፤ ሲመሽም ልጆቹ እጅጌ ረጅም ልብስና ሱሪ ይልበሱ።

በመልሱ ባቡሩ ከመሸ በኋላ ሊገባ ስለሚችል ርክክቡ ፉሪ ለቡ ላይ አይሁን። ልጆቹ በአውቶቡስ ወደተነሱበት ግቢ ተመልሰው፣ ቅጹ ላይ ስሙ ላለው ሰው በፊርማ ይሰጣሉ፤ «ጎረቤት ነኝ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ወላጅ በስልክ ይጠየቃል። ያኔ ለወላጆች አንድ ነገር በጽሑፍ ይነገራቸዋል። የወባ ምልክት ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይታያል፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ቢያተኩሰው፣ ብርድ ብርድ ቢለው ወይም ቢያስመልሰው፣ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ድሬዳዋ ደርሶ መምጣቱ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ ጉለሌ ላይ የታመመ ልጅ ጉንፋን ይዞታል ተብሎ ሊመለስ ይችላል።