ጉማሬና ጉጉት፦ የትኛውን እንፍራ?

ጀምበር ስትጠልቅ ጉማሬ ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ወጥቶ ሣር ፍለጋ ይሰማራል። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ እስከ ጮቄ ግርጌ ደግሞ ጉጉት አይጥ ልታድን ትነሣለች። በሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ወሬ አያጣውም፤ ስለ ሁለቱ ከሚወራው ግን ብዙው ስሕተት ነው።

ተረት፦ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከዚያ ቤት ሰው ይሞታል።
እውነታ፦ ጉጉት የምትጮኸው አጣማጇን ለመጥራት ወይም ሌላ ጉጉት እንዳይጠጋት ለማስጠንቀቅ ነው። ወደ መንደር የሚስባት አይጥ ነው፤ ጎተራ ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። የገበሬውን ጤፍና ገብስ የሚፈጀውን የምታጠፋ ወፍ ባለውለታ እንጂ ሟርተኛ አይደለችም።

ተረት፦ ጉጉት ቀን ቀን አታይም።
እውነታ፦ ቀንም ታያለች። ዓይኖቿ ግን በጉድጓዳቸው ውስጥ አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ ጎኗን ለማየት አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። የሰው አንገት አጥንቶች 7 ሲሆኑ የእሷ 14 ናቸው። አንዳንድ ዝርያዎች በድቅድቅ ጨለማ በጆሯቸው ብቻ አይጥ ይይዛሉ።

ተረት፦ ጉማሬ ዓሣ የሚበላ ጎበዝ ዋናተኛ ነው።
እውነታ፦ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ይግጣል። ሰውነቱ ጥቅጥቅ ያለና ከውሃ የሚከብድ ስለሆነ አይዋኝም፤ ውሃው ውስጥ የሚሄደው ወለሉን እየረገጠ ነው። ለመተንፈስም በየጥቂት ደቂቃው ብቅ ይላል።

ተረት፦ ጉማሬ ደም ያልበዋል።
እውነታ፦ ከቆዳው የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀለም የለውም፤ ቆይቶ ይቀላል። ደም ሳይሆን ቆዳውን ከፀሐይና ከተሕዋስያን የሚጠብቅለት ቅባት ነው። ቀኑን ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚውለውም ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው።

ተረት፦ ጉማሬ ቀርፋፋ ነው፤ ካልነኩት አይነካም።
እውነታ፦ በየብስ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሰው በቀላሉ አያመልጠውም። ከውሃው የለየውን፣ ወደ ግልገሉ የተጠጋውን ወይም በታንኳ ድንገት የደረሰበትን ሰው ያጠቃል። በአፍሪካ ብዙ ሰው ከሚገድሉት ትልልቅ እንስሳት አንዱ ነው።

እንግዲህ ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል፦ ምንም የማታደርገንን ወፍ በድንጋይ እያባረርን፣ ሊገድለን የሚችለውን አውሬ እንጠጋለን። ሐይቅና ወንዝ ዳር ሲመሽ ጉማሬ ከሚመላለስበት መንገድ ይራቁ። ጉጉትን ግን ይተዋት። በመርዝ የሞተ አይጥም ሜዳ ላይ አይጣሉ፤ እሱን የበላች ጉጉት አብራ ትሞታለችና ይቅበሩት።