ቱቦውን ከመለወጥ በፊት የዝገቱን ምክንያት ማወቅ

በደባርቅና በዳባት የሚመረተው ገብስ ቢራ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ብቅል መሆን አለበት፡፡ ብቅሉን ለማድረቅም ሆነ ቢራውን ለመጥመቅ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህን በአብዛኛው የሚሰጠው ቦይለር ነው፡፡ አንድ ቱቦ ዝጎ ሲበሳ ፋብሪካው ይቆማል፤ ፋብሪካው ሲቆም የገብስ ግዢውም ይቀዘቅዛል፡፡ ስለዚህ የቱቦ ዝገት የእህል ነጋዴውም ጉዳይ ነው፡፡

በአገራችን የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው ይህ 7.3 ሜጋ ዋት ገደማ ጣቢያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆሞ፣ በ2007 በከፊል ወደ ሥራ ተመልሷል፡፡ ከገጠሙት ችግሮች አንዱ የሙቀት መለዋወጫ ቱቦዎች መፍሰስ ነበር፡፡

ቱቦ የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፡፡ ከውስጥ በኩል ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በውሃው ውስጥ የቀረ ኦክስጅን ነው፡፡ ቱቦው አብጦ ከተቀደደና ውስጡ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ውሃው ሳይጣራ ገብቷል ማለት ነው፤ ቅርፊቱ ሙቀት ስለሚያግድ ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል፡፡ ከውጭ በኩል፣ ጭሱ በሚቀዘቅዝበት ጫፍ ከሳሳ ደግሞ የነዳጁ ድኝ አሲድ ሆኖ በልቶታል፡፡

የደባርቅ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፡፡ ፓምፕ የሚፈላ ውሃ በደንብ ስለማይስብ፣ የመጋቢውን ውሃ ሙቀት ዝቅ አድርጎ የቀረውን ኦክስጅን በሰልፋይት ማስወገድ ያስፈልጋል፡፡

ምርመራው የሚጀምረው ቱቦውን ከመጣል በመቆጠብ ነው፡፡ የተበሳው ክፍል በእሳት ሳይሆን በመጋዝ፣ ከቀዳዳው ራቅ ተብሎ ይቆረጣል፡፡ ላይና ታቹ፣ ውሃው የሚፈስበት አቅጣጫም ምልክት ይደረግበታል፡፡ ቅርፊቱ ሳይታጠብ በደረቁ ለላቦራቶሪ ይቀርባል፤ የውሃ መመዝገቢያ ደብተሩም አብሮ ይታያል፡፡

ያገለገለ ቦይለር የሚገዛ ባለሀብትም ሆነ የሚያሻሽጥ ደላላ በአዲስ ቀለም መታለል የለበትም፡፡ የቱቦዎቹ ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካ፤ በውሃ ግፊት ይፈተን፤ ያለፈው የጥገና መዝገብ ይጠየቅ፡፡ መዝገብ የሌለው ቦይለር ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፡፡

ምክንያቱን ሳያውቁ ቱቦ መለወጥ ለጊዜው ሥራ ያስጀምር ይሆናል፡፡ ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አዲሱም ቱቦ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል፡፡