የሶላሪስ 10 ፓኬጅና መዝገቡ

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሶላሪስ 10 የተባለ የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያሠራ ሰርቨር ለደኅንነቱ ሲባል ከኢንተርኔት ተነጥሎ እንዲያገለግል ከተደረገ፣ መጀመሪያ ያልተጫነ ሶፍትዌር ባስፈለገ ቁጥር አስተማማኙ ምንጭ የመጫኛው ዲቪዲ ነው። ጠንቃቃ አስተዳዳሪዎች ሰርቨሩን ሲያዘጋጁ ከሙሉው ስብስብ ይልቅ አነስተኛውን ይመርጣሉ፤ ያልተጫነ ፕሮግራም ለአጥቂ ቀዳዳ ስለማይሆንም ምርጫቸው ትክክል ነው። ሆኖም ቆየት ብሎ እዚያው ማሽን ላይ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ኮምፓይል ማድረግ ሲያስፈልግ፣ ኮምፓይለሩ ሄደር ፋይሎችን፣ ማለትም የላይብረሪ ፈንክሽኖች የሚታወጁባቸውን ፋይሎች፣ አጥቶ ሊቆም ይችላል።

የጎደለውን ፋይል ከሌላ ማሽን ቀድቶ ማምጣት ለጊዜው ችግሩን የፈታ ቢመስልም መዘዙ ብዙ ነው። ሶላሪስ 10 ከሲስተም ቪ ሪሊዝ 4 በወረሰው አሠራር መሠረት፣ ፓኬጅ የሚባለው የፋይሎች ጥቅል ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱ ፋይል ቦታ፣ ባለቤት፣ የአጠቃቀም ፈቃድ፣ መጠንና ቼክሰም፣ ማለትም ይዘቱ አለመለወጡ የሚጣራበት ቁጥር፣ ፒኬጂማፕ በተባለ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ የሚመጣበት ነው። ፒኬጂአድ የተባለው የመጫኛ ትእዛዝም ፋይሎቹን በየቦታቸው ካስቀመጠ በኋላ ይህንኑ ኮንተንትስ በተባለው የሲስተሙ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በእጅ የተቀዳው ፋይል ግን መዝገቡ ስለማያውቀው፣ ማረሚያ ሲጫን ይታለፋል፣ ከየት እንደመጣም ከዓመታት በኋላ የሚመሰክርለት አይገኝም።

ዲቪዲው ሲገባ ሲስተሙ ራሱ ሲዲሮም በተባለው ማውጫ ሥር ይከፍተዋል፤ ፓኬጆቹም ፕሮዳክት በተባለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ ይገኛሉ፤ የአብዛኞቹ ስም የሚጀምረው ኤስ፣ ዩ፣ ኤን፣ ደብሊው በሚሉት ፊደላት ሲሆን፣ እነዚህ ሰን በናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ይታወቅባቸው የነበሩ ፊደላት ናቸው። ፒኬጂአድ አንድ ፓኬጅ ሌላ ፓኬጅ ቀድሞ እንዲገኝለት የሚፈልግ መሆኑን ቢያስጠነቅቅም፣ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ አያመጣም፤ ስለዚህ ዲፔንድ የተባለውን የጥገኝነት ፋይል አንብቦ ቅደም ተከተሉን ማውጣት የአስተዳዳሪው ሥራ ነው። ይህ ድካም የሚጠላ አይደለም፤ በሰርቨሩ ላይ ምን ለምን እንደተጫነ የሚታወቀው በዚሁ ነውና።

በመጫኑ መካከል ትእዛዙ ሁለት ጥያቄዎችን ሊያነሳ ይችላል። አንደኛው፣ ፓኬጁ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ ሥልጣን የሚሠሩ ስክሪፕቶች እንዳሉት ገልጾ ይቀጥል እንደሆነ የሚጠይቀው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌላ ፓኬጅ የሆነ ፋይል ሊተካ መሆኑን የሚያሳውቀው ነው። ሁሉንም በ«ዋይ» እያለፉ መሄድ፣ ወይም ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በሚዘጋ የቅንብር ፋይል ማፈን፣ በተለይ ሁለተኛውን በተመለከተ አደገኛ ልማድ ነው፤ የሚተካው ላይብረሪ በዚያው ሰዓት አገልግሎት እየሰጠ ያለ ፕሮግራም የሚደገፍበት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማረሚያዎች ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ለዓመታት ማረሚያ ሲጫንበት ቢቆይም፣ ከዲስኩ አዲስ የሚገባው ፓኬጅ ዲስኩ በታተመበት ደረጃ ላይ ያለ ነው፤ ስለሆነም የሰርቨሩን ሥሪት ኢቲሲ በተባለው ማውጫ ካለው የሪሊዝ ፋይል አይቶ ከዲስኩ ጋር ማመሳከር፣ ከተጫነም በኋላ ፓኬጁን የሚመለከቱትን ማረሚያዎች እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ከዚያ በፒኬጂቼክ ፋይሎቹ ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸራሉ፤ ትእዛዙ ምንም ካላተመ ሁሉም በቦታው አለ ማለት ነው። በወራት ልዩነት በሚደረግ ምርመራ ግን አስተዳዳሪው አውቆ ያስተካከላቸው የቅንብር ፋይሎችም እንደ ስህተት ስለሚዘረዘሩ፣ ትእዛዙ ሊለወጡ የሚጠበቁ ፋይሎችን እንዲያልፍ በኤን አማራጭ ማስኬድ ይመረጣል።