ትንሽ ቅጠል ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም

ከጎንደር ወደ ባህር ዳር እና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች በሚለያዩባት አዘዞ፣ በጓሮ ወይም በማሳ ዳር የቆመን አንድ ወንዛ ልብ ብሎ ያየ ሰው የቅጠሎቹን መበላለጥ ያስተውላል። ከታች በጥላ ያሉት ሰፋፊና ስስ ናቸው። ከላይ ፀሐይ የሚያገኛቸው ደግሞ አነስና ጠንከር ያሉ ናቸው። ሥሩም ግንዱም አንድ ነው፤ ቅጠሉ ግን ይለያያል።

ይህን ልዩነት አለማወቅ አርሶ አደሩን ለኪሳራ ሊዳርገው ይችላል። ጤነኛውን ዛፍ ታመመ ብሎ ኬሚካል መርጨት ገንዘብ ያባክናል። እውነተኛውን ችግር የተፈጥሮ ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ ምርት ያሳጣል።

ብርሃን፣ ውኃ እና ዕድሜ

ቅጠል የዛፉን ምግብ የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ቅጠል የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ ያችኑ ለመሰብሰብ ይሰፋል፤ ይሳሳል። በአናት ላይ ያለው ብርሃን አያጣም፤ የሚያሰጋው ሙቀትና ነፋስ ውኃውን እንዳይጨርሱበት ነው። ስለዚህ አንሶና ወፍሮ ያድጋል።

ወቅትም ድርሻ አለው። የቅጠል ስፋት በአብዛኛው የሚወሰነው ቅጠሉ ከቀንበጡ ወጥቶ በሚዘረጋባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ርጥበት ካገኘ ይሰፋል፤ ድርቅ ካገኘው ያንሳል። አንዴ ከጎለመሰ በኋላ ውኃ ቢያገኝም አይሰፋም። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የክረምትና የበጋ ቅጠል ተበላልጦ ሊታይ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በዳባት እና በደባርቅ ደጋማ አካባቢዎች የሚበቅለው ነጭ ባህር ዛፍ ጥሩ ማሳያ ነው። በለጋነቱ ቅጠሉ ሰፊ፣ ወደ ክብነት የሚጠጋ እና አመድማ ሲሆን፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። ሲያድግ ግን ረጅም፣ ጠባብና እንደ ማጭድ የጎበጠ ይሆናል። ዛፉ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የለጋነቱ ሰፊ ቅጠል ተመልሶ ይመጣል። የሐበሻ ጥድም በለጋነቱ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሲያድግ ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ቅጠል ያወጣል።

መጠንቀቅ የሚገባው መቼ ነው?

ዋናው መለያ ልዩነቱ የሚታይበት ቦታ ነው። ትንንሾቹ ቅጠሎች ፀሐይ በሚበዛበት አናት ላይ ሆነው አረንጓዴና ጤነኛ ከሆኑ ስጋት የለም።

በብርቱካን፣ በሎሚ ወይም በማንጎ ላይ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ጠባብና ትንንሽ ሆነው በቀንበጡ ጫፍ ከተጨናነቁ፣ በደም ሥሮቻቸው መካከልም ቢጫ ከሆኑ የዚንክ እጥረት ሊኖር ይችላል። ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ዚንክ ስለሌለው ይህን ችግር አይፈታም።

በባህር ዛፍ ለጋ ቅጠሎች መካከለኛ ደም ሥርና ዘንግ ላይ እብጠት ከታየ ደግሞ ጥቃቅን ተርብ መሰል ነፍሳት እንቁላል ጥለውበት ይሆናል። የተጨማደደና የሚያጣብቅ ቅጠል ከተገኘም ጀርባውን ገልብጦ ተባይ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

አርሶ አደሩ ከመርጨቱ በፊት ቅጠል ያነጻጽር። የጥላውን ቅጠል ከፀሐዩ፣ ለጋውን ከጎለመሰው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ከዛፉ አራት አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ያሉ፣ በዕድሜ እኩል የሆኑ ቅጠሎችን ቆርጦ ጎን ለጎን ማየት ይበጃል። በአቅራቢያው ካለ ጤነኛ ዛፍ በዚሁ መንገድ የተወሰደ ቅጠል ካለ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል።

የማንጎ ዛፍ ውስጡ ጨልሞ ሰፋፊ የጥላ ቅጠል ብቻ ከያዘ፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የተጨናነቁትን ቅርንጫፎች መግረዝ ብርሃን ያስገባል። ማንጎ በብዛት የሚያብበው ብርሃን በሚያገኙ የቅርንጫፍ ጫፎች ላይ ነውና።

የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችም አርሶ አደሩ ይዞት የመጣውን አንድ ቅጠል ብቻ አይተው ምክር ከመስጠት ይልቅ ቅጠሉ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደተቆረጠ ቢጠይቁ፣ ቢቻልም ዛፉ ያለበት ድረስ ሄደው ቢያዩ ይመረጣል። ምልክቱ አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ ናሙናውን ለጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ማሳየት ይቻላል።