መብራት ሁሉ ብርሃን ነውን?

ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ እያየ አዲስ አበባ ያደገ ሰው፥ በታኅሣሥ ወር ስቶክሆልም ቢገባ፥ ጧት 3 ሰዓት ሩብ ጕዳይ ሲሆን የወጣችው ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትሰወርበታለች። መጽሐፈ ሄኖክ ዕለቱን በ18 ከፍሎ፥ ለመዓልት 6 ክፍል ብቻ፥ ለሌሊት ግን 12 የሚደርስበት ጊዜ እንዳለ ሲናገር በአገሩ ሳለ ምሥጢር ይመስለው የነበረ ሰው፥ አሁን ከዚያ እንኳ ያጠረ መዓልት በዐይነ ሥጋው ይመለከታል።

ሰውነቱ ሲከብደው፥ እንቅልፍ አልጠግብ ሲል፥ ዳቦና ጣፋጭ ሲያምረው፥ ወዳጆቹ «ሰነፍህ» ይሉታል፤ የሚራሩለትም «አገርህ ናፍቆህ ነው» ይላሉ። ናፍቆት የለም አልልም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ብርሃን ሲያጥር እየመጣ ብርሃን ሲረዝም የሚለቅ ትካዜ ራሱን የቻለ ሕማም መሆኑን፥ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በራሱም ላይ ለውጡን ያስተዋለው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ጽፎ አስታውቋል።

አንድ ወዳጄ ለዚህ ሕማም የሚሆነውን መብራት ገዝቶ፥ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ሰቀለውና ማታ ማታ ዜና ሲመለከት ያበራው ጀመር፤ ወር ቈይቶም «ገንዘቤን በላኝ» አለኝ። በደሉ ግን የመብራቱ አልነበረም። የቤት መብራት ለዐይን የደመቀ ቢመስልም በብርሃን መለኪያው በሉክስ ሲመጠን ብዙውን ጊዜ ከ500 አያልፍም፤ ለፈውስ የሚታዘዘው 10,000 ሉክስ ለ30 ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ ይህም ልክ የሚገኘው ከፊት ጥቂት አሥርታት ሳንቲም ሜትር ብቻ ርቆ በተቀመጠ ጊዜ እንጂ ከግድግዳ ላይ አይደለም። ሰዓቱም ነግህ ነው፤ በዐይናችን ውስጥ መልክን ለማየት ሳይሆን ብርሃንን ለመመጠን የተሠሩ ሕዋሳት ስላሉ፥ በጧት ያዩትን ብርሃን ለአንጎል ሰዓት «ነጋ» ብለው ሲነግሩት፥ የማታው ብርሃን ግን እንቅልፍን ያዘገያል።

ማፍጠጥም አያስፈልግም፤ መብራቱን ወደ ጎን ዘወር አድርጎ፥ ዐይንን ሳይጨፍኑ ቡና እየጠጡ ጋዜጣ ማንበብ ይበቃል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ከጕልበት በስተኋላ ብርሃን ማብራት የሰውነትን ሰዓት ያዛውራል የሚል ምርምር ታትሞ ብዙ ሰው አስደንቆ ነበር፤ በኋላ የመረመሩት ግን ያንኑ ውጤት ሊያገኙት አልቻሉም። ይህ መብራት ቪታሚን ዲ ይሰጣል የሚለውም ስሕተት ነው፤ መልካሙ መብራት ያን የሚያስገኘውን ጨረር አጣርቶ ያስቀራል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ «ብርሃን ማንን ይጐዳል?» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ትካዜ፥ አንድ ጊዜ ልክ ያለፈ ደስታና ንቃት የሚፈራረቅበትን ሰው፥ ይህ ብርሃን ወደ ሁለተኛው ጽንፍ ሊወረውረው ይችላል፤ የዐይን ሕማም ያለበት ወይም ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኀኒት የሚወስድም እንዲሁ መጠንቀቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያለብህ አንባቢ ሆይ፥ ማብሪያውን ከመንካትህ በፊት ለሐኪምህ ንገር።